ከሰሉን ትተን ጋዝ ገዛን፤ አየሩንስ ከየት እናምጣ?

ብርዱ መጣ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አያት፣ ሰሚት፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ያደረ ሰው ሌሊቱን ያውቀዋል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ነፋሱ ሜዳውን አቋርጦ ይመጣል፣ ብሎኬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ከእኩለ ሌሊት በፊት ጨርሶ ይለቃል። ከብርዱ ጋር አብሮ የሚመጣ ዜናም አለ፤ «በከሰል ጭስ ታፍነው ሕይወታቸው አለፈ»። ሰፈሩ ይቀያየራል፣ የሟቾቹ ቁጥር ይቀያየራል፣ ቀሪው ያው ነው። ጠባብ ክፍል፣ የተዘጋ በርና መስኮት፣ መሀል ላይ ፈርኔሎ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየዓመቱ ያስጠነቅቃል። እኛም ሼር እናደርጋለን፣ ኮመንት ላይ «ነፍስ ይማር» ብለን እናልፋለን።

አሁን አሁን ግን ወሬው ትንሽ ተቀይሯል። የቴሌግራም የዕቃ መሸጫ ቻናሎች ላይ ከጀርባው ሲሊንደር የሚገባበት፣ እግሩ ላይ ጎማ ያለው የጋዝ ሂተር ይለጠፋል። ቦሌ ላይ ደግሞ ረዘም ያለ፣ አናቱ ጃንጥላ የሚመስል የጋዝ ማሞቂያ ካፌ በረንዳ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። ስለ ከሰል አደጋ በተጻፈ ፖስት ሥር ሁሌ የማይጠፋ አስተያየት አለ፦ «ከሰል ትታችሁ ጋዝ ግዙ፣ ጭስ የለውም አይገድልም»። ይሄን የሚጽፈው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ምክሩ ግን ግማሽ ነው፣ የጎደለው ግማሽ ደግሞ ሰው የሚገድለው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እሳት እንደ እኛው አየር ይፈልጋል። በቂ አየር ሲያገኝ ነዳጁ በደንብ ይነድና ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ይወጣዋል። አየር ሲያጥረው ግን ካርቦኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያስለቅስም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል። አንዴ ከያዘው በቀላሉ አይለቅም። ሰውየው እየተነፈሰ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው በኦክስጅን እጦት የሚሞተው።

ለዚህ ነው «ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለህ ጭሱ ሲጠፋና ፍም ሲሆን አስገባው» የሚለው የቆየ ምክር ብዙ ቤት ያፈረሰው። የሚታየው ጭስ ያልተቃጠለ ብናኝና እርጥበት ነው። ፍሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ምንም ሳያጨስ ሲግል፣ ከታች የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ካርቦን መሀል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። የምናምነው ደረጃ ራሱ አደገኛው ደረጃ ነው ማለት ነው።

ጋዝስ? ጋዝ በደንብ ሲነድ ከከሰል በብዙ እጥፍ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለንም። ግን «በደንብ ሲነድ» የምትለዋ ቃል ሁሉንም ነገር ተሸክማለች። ደግሞ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ ሲያፈስ እንድናውቀው ተብሎ መጥፎ ሽታ ይጨመርበታል። ስለዚህ ሁላችንም «ካልሸተተኝ ሰላም ነው» ማለት ለምደናል። ሽታው ግን እሳቱ ውስጥ አብሮ ይቃጠላል። ከነደደው ጋዝ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አፍንጫ አያገኘውም።

አሁን ቁጥር እንያዝ፣ ምክንያቱም ያለ ቁጥር ይሄ ነገር ስብከት ይሆናል። ገርጂ ወይም ጎሮ አካባቢ የምትከራዩትን ሰርቪስ ክፍል አስቡት፤ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል። ውስጡ 22 ሜትር ኪዩብ ተኩል አየር አለ። ከጀርባው ሲሊንደር የሚገባበት የተለመደው ሂተር ሦስቱም ክፍሉ ሲበራ 4.2 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ በሰዓት 0.3 ኪሎ ያህል ጋዝ ያነዳል። ያንን ለማንደድ እዚህ ከተማ ውስጥ በሰዓት 5 ሜትር ኪዩብ ያህል አየር ይፈጃል። ክፍሉ ጭራሽ አየር የማያስገባ ቢሆን 40 ደቂቃ ሳይሞላ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። እዚያ ላይ የሚተነፍሱት ሰዎች አልተቆጠሩም። በእርግጥ የትኛውም ክፍል ድፍን አይደለም፣ በበሩ ሥር ትንሽ ይገባል። ግን ብርድ ሲመጣ እኛ የምናደርገው ምንድን ነው? በበሩ ሥር ፎጣ እንጠቀጥቃለን።

«በዚህ ከተማ» ያልነው ዝም ብለን አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ አየሩ ሳስቷል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 1 ኪሎ ጋዝ ለማንደድ 13 ሜትር ኪዩብ ገደማ አየር ከበቃ፣ ቦሌ ላይ 17 ያህል ያስፈልጋል። ምድጃውም ሂተሩም የሚሠሩት ግን በአብዛኛው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላሉ ከተሞች ታስበው ነው። የአሜሪካ የጋዝ ተከላ ደንብ የቆየ ልማድ አለው፦ ለባሕር ወለል የተሠራ መሣሪያ ከ2,000 ጫማ በላይ ሲተከል በየ1,000 ጫማው 4 በመቶ ጉልበቱ ይቀነስ ይላል። በዚህ ሒሳብ አዲስ አበባ ላይ የሚተከል መሣሪያ 30 በመቶ ገደማ መቀነስ አለበት። የጋዝ መውጫዋን ቀዳዳ ጠበብ ባለች መቀየር ማለት ነው። ሸገር ውስጥ ሂተር ስትገዙ ይሄን የጠየቃችሁ ሻጭ አለ? እኛን የጠየቀን የለም።

ካልተቀነሰ ምን ይሆናል? ጋዙ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል። ምልክቱን እቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ጫፉ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሆናል፣ የድስቱ ቂጥ ይጠቁራል። «ጋዙ ቆሻሻ ነው፣ ቀላቅለውበታል» ብለን ሻጩን እንረግማለን። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ምድጃው አየር እያጣ ነው፣ የጠቆረው ድስት እየነገረን ያለው እሱን ነው።

ጥሩ ጥሩዎቹ ሂተሮች የኦክስጅን ጠባቂ አላቸው። ኦክስጅን ወደ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ ትንሿ መለኮሻ እሳት ከቦታዋ ትነሳና ጋዙ በራሱ ይዘጋል። ግሩም ሥራ ነው። ከፍታ ላይ ግን ይሄም ጣጣ አለው። አንድ የታወቀ የአሜሪካ የሂተር አምራች ከ7,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,134 ሜትር በላይ ሂተሩ በራሱ ሊጠፋ እንደሚችል ለተጠቃሚዎቹ ይጽፋል። ቦሌ ከዚያ በላይ ናት። ስለዚህ ምን ሊመጣ እንደሚችል መገመት ቀላል ነው። ዕቃው ይጠፋል፣ ባለቤቱ ይበሳጫል፣ ጠጋኝ ጋ ይወስደዋል፣ ጠጋኙ «ይቺ ናት የምታስቸግረው» ብሎ ጠባቂዋን ያልፋታል። ዕቃው «ተሠራ»። እንዲህ የተሠራ ሂተር የያዘ ሰው ካለ በዚህች ሌሊት እንዳያበራው።

ቤቶቻችንም ተለውጠዋል፤ ይሄ ብዙ አይወራም። የጥንቱ ጎጆ ጭሱን በሣሩ ጣሪያ ያሳልፋል። የድሮው የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ከቆርቆሮው ሥር፣ ከግድግዳው ስንጥቅ፣ ከማይገጥመው የእንጨት መስኮት አየር ይገባዋል። እናቶቻችን እዚያ ውስጥ ፈርኔሎ አስገብተው ቡና አፍልተው ያደጉት፣ እኛንም ያሳደጉት ቤቱ ቀዳዳ ስለነበረ ነው። ዛሬ ያንኑ ልማድ ይዘን የተለሰነ ብሎኬት፣ ጎማ ያለው የአሉሚኒየም መስኮትና የብረት በር ያለው ቤት ገባን። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በረንዳውን በአሉሚኒየምና በመስታወት መዝጋት ፋሽን ሆኗል፤ ክፍል ይጨምራል፣ ብርድ ይከላከላል፣ ሌባም ይከላከላል። ሲሊንደሩና ምድጃው ያለው ግን እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ከቤቱ ሁሉ ብዙ አየር የሚያገኘው ቦታ ድፍን ሳጥን ሆነ።

«ታዲያ በኤሌክትሪክ አሙቁ» የሚለን አለ። ልክ ነው፣ በሩ ለተዘጋ ክፍል ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አየር አይበላም። ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ግን ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው፣ ዕቅዱ የአራት ዓመት ነው። መብራቱም ይሄዳል። አንድ ብሎክ ላይ ሁሉም ማታ ምጣድ ሲጥድ ቆጣሪው ሲዘል ያየ ሰው 2 ኪሎዋት ሂተር ለመሰካት ያመነታል። ሰው ወደ ጋዝና ከሰል የሚሄደው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። የኪሱም ጉዳይ ነው።

ወደ ቦሌ እንመለስ። ያ ጃንጥላ የሚመስለው ማሞቂያ ጉልበቱ 12 ኪሎዋት ገደማ ይደርሳል፣ ከቤት ሂተሩ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። አምራቾቹ ራሱ ዕቃው ላይ «ለውጭ ብቻ» ብለው ይጽፉበታል። አንዳንድ ቤቶች ግን ዝናብና ነፋስ ሲመጣ በረንዳውን በወፍራም ላስቲክ ወይም በመስታወት ከአራቱም ጎን ይዘጉትና ማሞቂያውን እዚያው ይተዉታል። ስሙ በረንዳ ነው፣ ተግባሩ ግን የተዘጋ ክፍል ነው። አንድ አመሻሽ ላይ ከመድኃኔዓለም ጀርባ ባለ አንድ እንዲህ ባለ ቤት ተቀምጠን አስተናጋጁን «ላስቲኩን ትንሽ ክፈትልን» ስንለው «ሌላው ደንበኛ ይበርደዋል» አለን። እውነቱን ነው፣ ይበርደዋል።

የምግብ ቤት ኩሽና ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ብዙ እኩዮቻችን የሚሠሩት እዚያ ነው። ትልቅ የጭስ መሳቢያ ተገጥሟል፣ ይጮኻል፣ ይስባል። ባለቤቱ «አየር አለ» ይላል። መሳቢያ ግን አየር ያስወጣል እንጂ አያስገባም። ከምድር ቤት ያለ፣ በሩ የተዘጋ ኩሽና ውስጥ መሳቢያው በጠነከረ ቁጥር ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ያ አየር ደግሞ ከየትም ተጎትቶ መምጣት አለበት። ጎን ላይ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካለ በጭስ ማውጫው ቱቦ ሽቅብ መሄድ የነበረበትን ተቃጥሎ የወጣ ጋዝ ቁልቁል ሊስበው ይችላል። አብሳዩ ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ «ደከመኝ» ይላል። ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ሲወጣ ይሻለዋል። ሥራ ቦታ ላይ ብቻ የሚያም፣ ከብዙ ሰው ጋር አንድ ላይ የሚያም ራስ ምታት ካለባችሁ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት።

ይሄ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2022 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በኤርቢኤንቢ የተከራዩት አፓርታማ ውስጥ ሦስት አሜሪካውያን ጓደኛሞች ሞተው ተገኙ፤ የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ከእኛ ብዙም አትርቅም። ጆርጂያ ውስጥ ደግሞ ዲሴምበር 2024 ጉዳውሪ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ 12 የአንድ ምግብ ቤት ሠራተኞች በተኙበት አለቁ። መብራት ሲጠፋ መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ተዘግቶ ባለ ቦታ ጀነሬተር ተነስቶ ነበር። የዚያችው አገር ጠቅላይ ሚኒስትር ዙራብ ዥቫኒያም በፌብሩዋሪ 2005 ትብሊሲ ውስጥ በአንድ አፓርታማ ሞተው ሲገኙ፣ ኦፊሴላዊው ምርመራ ምክንያቱን ያሳበበው በአግባቡ ባልተተከለ የጋዝ ማሞቂያ ላይ ነው። ቤተሰባቸው ይሄን አልተቀበለም፣ ክርክሩም ለዓመታት ቆይቷል። የጉዳውሪው ታሪክ ግን ለእኛ ቅርብ ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩን ከሱቁ ጀርባ ኮሪደር ውስጥ የሚያስነሳ ነጋዴ ቦሌ ላይ አይታጣም።

ታዲያ መፍትሔው ምን ያህል ይከብዳል? የሚገርመው እሱ ነው። የአሜሪካው ደንብ የጋዝ መሣሪያ ላለበት ጠባብ ክፍል በቀጥታ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት ቀዳዳዎች ይጠይቃል። አንዱ ከጣሪያው በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ። እያንዳንዳቸው ለ1 ኪሎዋት ቢያንስ 5 ካሬ ሴንቲሜትር ተኩል ንጹህ ክፍተት ያስፈልጋቸዋል። 12 ኪሎዋት ለሚሆን ኩሽና 66 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። የብረት ፍርግርግ ሲገጠምበት ደንቡ ከስፋቱ 75 በመቶውን ብቻ እንደ ክፍት ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ ቀዳዳው 10 በ10 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። መዳፋችሁን የምታክል። እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ስለሆነ ከዚያ ሰፋ ቢል ይመረጣል። የታችኛዋ ሌላም ጥቅም አላት፤ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ መውጫ የምትሰጠው እሷ ናት። ብርድ ታስገባለች? አዎ፣ ታስገባለች። አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ይደረግባት፣ ግን ወንፊቱ በጣም የደቀቀ አይሁን፤ በቅባትና በአቧራ ይደፈናል።

ቀዳዳው ግን የጭስ ማውጫ የሌለውን ሂተር አብርቶ ለመተኛት ፈቃድ አይደለም። ሂተሩ ከመተኛት በፊት ክፍሉን ያሙቅ፣ መስኮቱ ትንሽ ገርበብ ብሎ፣ ከዚያ ይጥፋ፣ ሲሊንደሩም ይዘጋ። ከሰል ደግሞ፣ ነደደም አልነደደም፣ መኝታ ክፍል ውስጥ አያድርም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ጉዳቱ እነሱ ላይ ይፈጥናል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ዘንድሮ ከሽቶውና ከጫማው ጎን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እዘዙ። በባትሪ ይሠራል፣ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው የጭስ ማንቂያ ሌላ ዕቃ ነው፣ ይሄን አይለይም። የኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ ትሰካ የነበረችው ኦክስጅን መለኪያም ታታልላለች፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ቆጥራ 98 ብላ ልትጽፍላችሁ ትችላለች።

መንግሥት ምን ያድርግ ብትሉን፣ ከማስጠንቀቂያው ፖስት አንድ እርምጃ ወደፊት ቢሄድ ደስ ይለናል። የጋዝ ሂተርና ምድጃ አገር ውስጥ ሲገባ «ይሄ ዕቃ ለ2,350 ሜትር ተስተካክሏል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም ካርቶኑ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያስጽፍ አካል ይኑር። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ላይ የጋዝ ማሞቂያ የሚያቆም ቤት ለቁጥጥር የሚመጣ ሰው ላስቲኩን ቀና አድርጎ ይይለት። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ በረንዳ ሲዘጋ ለምድጃው የሚቀር ክፍተት እንዲኖር የብሎኩ ኮሚቴ ራሱ ማስገደድ ይችላል፤ ለዚህ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ዛሬ ማታ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ በርና መስኮት ይከፈት፣ እሳቱ ይጥፋ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ውጭ ይውጣ። የወደቀ ሰው ለማውጣት የምትገቡ ከሆነ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ፣ ቶሎ ገብታችሁ ቶሎ ውጡ፤ ለማዳን ገብተው እዚያው የሚቀሩ አሉ። ከዚያ 939 እሳትና አደጋ ወይም 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ጋ ደውሉ። ሰውየው ቢነቃና «አሁን ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ይሂድ። ደም ውስጥ የገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በሚሰጥ ንጹህ ኦክስጅን ግን ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ስትደርሱ «ራሱን አሞት ነው» ብቻ አትበሉ። «የተዘጋ ቤት ውስጥ ጋዝ ወይም ከሰል ሲነድ ነበር» በሉ፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ቃል እሱ ነው።